ብርድ ልብሱ ሲታጠፍ፦ የካናዳን ነባር ሕዝቦች ታሪክ ቆሞ መማር

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ሴፕቴምበር 30፣ ካናዳ የሚያድጉ የሐበሻ ልጆች ብርቱካናማ ሸሚዝ ለብሰው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ከትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት ቀኑ «ብሔራዊ የእውነትና የእርቅ ቀን» መሆኑን ይናገራል። ሸሚዙን ፈልጎ መግዛት አያስቸግርም። ልጅ «ይህን የምንለብሰው ለምንድን ነው?» ሲል ግን ብዙ ወላጅ መልስ ያጥረዋል። እኔም አጥሮኝ ያውቃል። ስለ ካናዳ ስንሰማ ያደግነው ሰፊ፣ ቀዝቃዛና ሰላማዊ አገር መሆኗን ነው። ማን ይኖርባት እንደነበር፣ መሬቱ በምን መንገድ ከባለቤቶቹ እጅ እንደወጣ የነገረን አልነበረም።

ይህን ታሪክ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። እዚህ የማብራራው ግን ቆመው የሚማሩበትን መንገድ ነው። በእንግሊዝኛ «ብላንኬት ኤክሰርሳይዝ» ይሉታል፤ በእኛ «የብርድ ልብስ ልምምድ» ብንለው ያስኬዳል። ሠላሳ አርባ ሰው አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ ሰዉ ብርድ ልብሱ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ የአምስት መቶ ዓመት ታሪክ እግሩ ሥር ያልፋል። ብርድ ልብሱ መሬቱ ነው። የቆሙት ደግሞ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት ጀምሮ በዚያ መሬት የኖሩትን ሕዝቦች ይወክላሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ አዳራሹ ከመግባታችን በፊት ስለ ስም አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ ለረጅም ጊዜ «ቀይ ሕንዶች» ስንል ኖረናል። ስሙ ኮሎምበስ ሕንድ የደረሰ ከመሰለው ስህተት የመጣ ነው፤ የሚጠሩበት ሰዎችም አይወዱትም፤ ቢቀር ይሻላል። «ነባር ሕዝቦች» ማለት ይቀናል። የካናዳ ሕገ መንግሥት በሦስት ይከፍላቸዋል፦ ፈርስት ኔሽንስ («የመጀመሪያዎቹ ሕዝቦች» ማለት ነው፤ ሕገ መንግሥቱ ራሱ «ኢንዲያን» ይላቸዋል)፣ በሰሜኑ በረዷማ ምድር የሚኖሩት ኢንዊት፣ እንዲሁም ከነባር ሕዝቦች እናቶችና ከአውሮፓ የቆዳ ነጋዴዎች ተወልደው የራሳቸው ሕዝብ የሆኑት ሜቲ። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ ሦስቱ አንድ ላይ 1.8 ሚሊዮን ገደማ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ 5 በመቶ ያህል ነበሩ። ፈርስት ኔሽንስ ብቻቸውን ከ600 በላይ ማኅበረሰቦች ናቸው፤ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችም ከ70 ይበልጣሉ። ሁሉንም እንደ አንድ ሕዝብ መቁጠር አማራውን፣ ሲዳማውንና አፋሩን አንድ ቋንቋ ይናገራሉ እንደማለት ነው።

ልምምዱ ከየት መጣ?

በ1990 በኩቤክ ክፍለ ግዛት ኦካ በምትባል ትንሽ ከተማ የጎልፍ ሜዳ ለማስፋት ታሰበ። ሊሰፋ የታቀደው የሞሃክ ሕዝብ የእኔ ነው ወደሚለው የጥድ ጫካና የመቃብር ቦታ ነበር። ሞሃኮች መንገድ ዘጉ። ፖሊስ መጣ፤ በተኩስ ልውውጡ አንድ ፖሊስ ሞተ፤ ቀጥሎ ወታደር መጣ። ፍጥጫው 78 ቀን ፈጀ። አገሪቱ ደነገጠች፤ መንግሥትም በቀጣዩ ዓመት የነባር ሕዝቦችን ጉዳይ የሚያጠና ታላቅ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በ1996 ያወጣው ሪፖርት አምስት ቅጽ፣ አራት ሺህ ገጽ ገደማ ነበር።

አራት ሺህ ገጽ የሚያነብ ተራ ሰው ብዙ አይገኝም። ስለዚህ የካናዳ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት፣ ኋላ ካይሮስ በሚል ስም የታወቀው ድርጅት ቀዳሚ የነበረው፣ ከነባር ሕዝቦች ሽማግሌዎችና መምህራን ጋር ተቀምጦ የሪፖርቱን ፍሬ ነገር ከወረቀት ወደ ወለል አወረደው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ልጆችን ከወላጅ ነጥለው ያሳደጉትን ትምህርት ቤቶች ያስተዳደሩት እነዚሁ አብያተ ክርስቲያናት ነበሩ፦ ካቶሊክ፣ አንግሊካን፣ ፕሬስቢቴሪያን፣ ዩናይትድ። የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ይቅርታ የጠየቀችው በ1993፣ ፕሬስቢቴሪያን በ1994፣ ዩናይትድ ስለ ትምህርት ቤቶቹ በ1998 ነው። የካቶሊኩ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ አልበርታ ውስጥ ማስክዋቺስ ድረስ ሄደው ይቅርታ የጠየቁት በጁላይ 2022 ነው። ልምምዱን የወለደው እንግዲህ የበዳይና የተበዳይ ወገን አብሮ መቀመጥ ነው፤ ለእኔ ትልቁ ጥንካሬው ይህ ይመስለኛል።

አዳራሹ ውስጥ

ጫማ ይወለቃል። ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ስንገባ የምናደርገው ነው፤ ገና ከበሩ ሰውነት «የተከበረ ነገር ሊረገጥ ነው» ብሎ ይገነዘባል። ከነባር ሕዝቦች የመጣ ሽማግሌ ወይም ባልቴት በጸሎት ይከፍታል። አንዳንድ ጊዜ እንደ እኛ ዕጣን የሚጨስ ሽታ ያለው ቅጠል አለ፤ ጢሱን በእጅ እየዘገኑ ወደ ራስና ወደ ልብ ማምጣት ነው። አስተባባሪዎቹ ካርዶችና የተጠቀለሉ ወረቀቶች ያድላሉ። ለምን እንደተሰጠህ ያኔ አይነገርህም።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደስ ይላሉ። ብርድ ልብሱ ሰፊ ነው፤ ሰዉ ይዘዋወራል፣ ሰላም ይባባላል፣ ዕቃ ይለዋወጣል። ተራኪው የሕዝቦቹን ስም፣ መንግሥታቸውን፣ ንግዳቸውን ይናገራል። ከዚያ አውሮፓውያንን የሚወክል ሰው ይገባል። ሲገባ አይዋጋም፤ እጅ ይጨብጣል። ታሪኩም እንዲሁ ነበር። መጤዎቹ ጥቂት፣ የተራቡና ብርዱን የማያውቁ ስለነበሩ ያለ ነባሮቹ እርዳታ አንድ ክረምት አይወጡም ነበር። ብርድ ልብስ ራሱ የዚያ ዘመን ዋና የንግድ ዕቃ ነው። በ1670 የእንግሊዝ ንጉሥ ለሃድሰንስ ቤይ ኩባንያ የንግድ መብት ሲሰጥ ወደ ሃድሰን ባሕረ ሰላጤ የሚፈስሱ ወንዞችን ምድር በሙሉ ጨምሮ ሰጠ፤ በዚያ ምድር የሚኖረውን ሰው የጠየቀ አልነበረም። ኩባንያው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቢቨር በሚባለው የውኃ አውሬ ቆዳ ምትክ የሱፍ ብርድ ልብስ ሲሰጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ምድሩን ራሱን ለካናዳ መንግሥት በ300 ሺህ ፓውንድ አስረከበው።

ከዚያ ብርድ ልብሱ መታጠፍ ይጀምራል። ድንገት አይነጠቅም፤ ጠርዙ ብቻ በቀስታ ይታጠፋል። አንድ እርምጃ ትጠጋለህ። ደግሞ ይታጠፋል፤ ትጠጋለህ። ሕጉ እግሩ ከብርድ ልብሱ የወጣ ሰው ከጨዋታ መውጣቱ ነው። ነጭ ካርድ የያዙት ይወጡና ዳር ይቀመጣሉ፤ እነሱ በፈንጣጣና አውሮፓውያን ይዘዋቸው በመጡ ሌሎች በሽታዎች የሞቱት ናቸው። በሌላ ቦታ አንዲት ሴት ብቻዋን ትወጣለች። በኒውፋውንድላንድ ደሴት ይኖር የነበረውን የቤኦታክ ሕዝብ ትወክላለች፤ ከዚያ ሕዝብ በስም የምትታወቀው የመጨረሻዋ ሴት ሻናውዲዚት በ1829 ሞታለች። ሌላው ሰው ራቅ ወዳለ ትንሽ ብርድ ልብስ ይወሰዳል። በ1953 እና በ1955 መንግሥት ከሰሜን ኩቤክ አንሥቶ ፀሐይ ለወራት ወደማትወጣበት ወደ አርክቲክ ጫፍ ያሰፈራቸው የኢንዊት ቤተሰቦች ምሳሌ ነው። ለዚህ መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው።

ከሰዓት ያልበለጠ ጊዜ ውስጥ አዳራሹ ሌላ ይሆናል። በሰው ተሞልቶ የነበረው ወለል ላይ እዚህ ሁለት፣ እዚያ አንድ ሰው ይቀራል፤ በመካከላቸው ባዶ ሲሚንቶ። ዛሬ ለፈርስት ኔሽንስ የተከለሉት መሬቶች አንድ ላይ ተደምረው ከካናዳ ስፋት 1 በመቶ አይሞሉም። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው ሰምቶት ይሆናል። በአንድ እግሩ ሚዛን እየጠበቀ ለቆመ ሰው ግን ቁጥሩ ሌላ ነገር ነው።

ውሉ የቱ ነው? የተባለው ወይስ የተጻፈው?

ብዙ ተሳታፊ ይህን ታሪክ እንደ ጦርነት ታሪክ ጠብቆ ይመጣል። ካናዳ ውስጥ ግን አብዛኛው መሬት ከእጅ የወጣው በወረቀት ነው። ይህን መረዳት የጠቅላላው ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በ1763 የእንግሊዝ ንጉሥ ባወጣው አዋጅ መሠረት የነባር ሕዝቦችን መሬት ማንም ግለሰብ መግዛት አይችልም፤ መሬቱ የሚተላለፈው ከዘውዱ ጋር በሚደረግ ውል ብቻ ነው። አዋጁ ሁለት ፊት አለው፦ መሬቱ የነባር ሕዝቦች መሆኑን ያምናል፤ ገዢው ግን ዘውዱ ብቻ እንዲሆን ያደርጋል። ከ1871 እስከ 1921 መንግሥት ቁጥር የተሰጣቸው 11 ውሎች ተፈራረመ። በምዕራቡ ሜዳ የነበሩት ሕዝቦች የሚበሉት ጎሽ እየጠፋ፣ ፈንጣጣ እየጨረሳቸው፣ ሰፋሪ እየጎረፈባቸው ነበር። ውል ያስፈልጋቸው ነበር፤ የፈለጉት ግን አብሮ የመኖር ውል ነው። የሽማግሌዎቻቸው ትውፊት እስከ ዛሬ እንደሚለው የተስማሙት መጤው ማረሻ በሚደርስበት ጥልቀት ልክ መሬቱን እንዲጋራቸው ነው፤ ፀሐይ እስከወጣች፣ ወንዝ እስከፈሰሰ ድረስ የሚጸና ቃል ኪዳን። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ወረቀት ግን መሬቱን ለዘላለም አሳልፈው እንደሰጡ ይናገራል።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። ውጫሌን የማያውቅ የለም። በ1889 የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ በጣልያን በኩል ይላላኩ» ይላል፤ በጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። ልዩነቱ፣ እኛ የተጻፈ የራሳችን ቅጂ፣ ሁለቱን የሚያነጻጽር ሰው፣ ኋላም ዐድዋ ላይ የሚሰለፍ ጦር ነበረን። የምዕራቡ ሜዳ ሕዝቦች የሆኑት የክሪ ወይም የብላክፉት አለቃ የውሉ ቅጂ በጆሮው ውስጥ ነበር፤ በወረቀት ላይ የመስቀል ምልክት አድርጎ ሄደ።

አንዳንዱ ግን የመጣውን ያኔውኑ አይቶታል። በ1876 ስድስተኛው ውል ፎርት ካርልተን ላይ ሲመከር ፓውንድሜከር የተባለው የክሪ ወጣት መሪ ተነሥቶ ይህ መሬት የእኛ ነው፤ ቆርሳችሁ መልሳችሁ የምትሰጡን የፔሚካን ቁራሽ አይደለም አለ። ፔሚካን ተወቅጦ በስብ የተለወሰ ቋንጣ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በምዕራቡ አመፅ ሲነሣ አገር ከድተሃል ተብሎ ታሰረ፤ እስር ቤት ታሞ ተፈታና በ1886 ሞተ። መንግሥት ከወንጀሉ ነጻ መሆኑን ያወጀው በ2019 ነው፤ 134 ዓመት ቆይቶ።

በብዙዎቹ ቁጥር ባላቸው ውሎች ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት 5 ዶላር ይከፈላል ተብሎ ነበር። ዛሬም ይከፈላል፤ ዛሬም 5 ዶላር ነው። ብዙ የፈርስት ኔሽንስ ሰዎች ወረፋ ይዘው ይቀበሉታል። ገንዘቡ ለምሳ አይበቃም፤ ክፍያው ግን ውሉ እንዳልሞተ በየዓመቱ ይመሰክራል።

በ1876 ሌላ ነገርም ሆነ፤ «ኢንዲያን አክት» የተባለው ሕግ ወጣ። ሕጉ የማን ልጅ «ኢንዲያን» እንደሆነ መንግሥት እንዲወስን ሥልጣን ሰጠ። ነባር ያልሆነ ሰው ያገባች ሴት ከነልጆቿ ማንነቷን በሕግ ታጣለች፤ ይህ የተሻረው በ1985 ነው። በዚያው በ1876ቱ ሕግ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ የያዘ፣ ጠበቃ የሆነ ወይም የቅስና ማዕርግ የተቀበለ ሰው ወዲያውኑ «ኢንዲያን» መሆኑ ይቀራል። በልምምዱ ላይ እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ ከብርድ ልብሱ እንዲወርዱ ሲደረግ ሁልጊዜ የሚያጉረመርም ሰው አይጠፋም፤ «ተምሮ ነው እኮ!» የሚል። በ1884 ፖትላች የተባለው የምዕራብ ባሕር ዳርቻ ሕዝቦች ታላቅ ድግስ ተከለከለ። ከ1885 በኋላ ከተከለለለት መሬት መውጣት የፈለገ ሰው ከመንግሥት ወኪል የይለፍ ወረቀት እንዲይዝ ተደረገ፤ ይህን የሚፈቅድ ሕግ ግን በየትኛውም አዋጅ ውስጥ አልነበረም። በ1927 ደግሞ ስለ መሬት ለመክሰስ ገንዘብ ማዋጣትና ጠበቃ መቅጠር ወንጀል ሆነ። መሬትህን ወስዶ፣ ለምን ተወሰደ ብለህ እንዳትከስስ በሕግ መከልከል ማለት ነው። ይህ እስከ 1951 ቆየ። በብሔራዊ ምርጫ ማንነታቸውን ሳይለቁ ድምፅ መስጠት የቻሉት በ1960 ነው።

ቢጫው ካርድ

መጀመሪያ ስካፈል የደረሰኝ ቢጫ ካርድ ነበር። ተራኪው ቢጫ የያዛችሁ ውጡ አለ፤ ወጣን፤ አዳራሹ ጥግ ወዳለ ለብቻው የተነጠፈ ብርድ ልብስ ተወሰድን። ልጆች ሆነን ነው። የትምህርት ቤቱ ታሪክ ሲነበብ ከሩቅ ሆነን ሰማን። ትንሽ ቆይቶ «ወደ ቤታችሁ ተመለሱ» ተባልን። ስንመለስ ግን የቀሩት ጀርባቸውን እንዲያዞሩብን ተነግሯቸው ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ታዝዘው እንደሆነም አውቃለሁ፤ ሆኖም ፊት አጥቶ መቆም ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የአያቱን ቋንቋ ረስቶ የመጣ ልጅ ቤቱ ገብቶም ቤቱ አልነበረም።

ትምህርት ቤቶቹ አዳሪ ነበሩ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በመንግሥት ገንዘብ፣ በአብያተ ክርስቲያናት እጅ ተስፋፉ፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ ነው። 150 ሺህ ያህል ልጆች አልፈውባቸዋል። በ1920 ልጅን አለመላክ በሕግ የሚያስቀጣ ሆነ። ፀጉር ይቆረጣል፣ ልብስ ይወሰዳል፣ በስም ፈንታ ቁጥር ይሰጣል፣ በእናት ቋንቋ መናገር ያስደበድባል። በ1907 ፒተር ብራይስ የተባለ የመንግሥት ሐኪም 15 ትምህርት ቤቶችን መርምሮ ከ1,537 ተማሪዎች ሩብ ያህሉ መሞታቸውን ጻፈ፤ ዋናው ምክንያት የሳንባ ነቀርሳ፣ ጠባብ መኝታና የታፈነ አየር ነበር። ሪፖርቱ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ምክሩ ግን ሥራ ላይ አልዋለም። ዛሬ ብሔራዊ የእውነትና እርቅ ማዕከል በትምህርት ቤቶቹ የሞቱ ከ4,100 በላይ ልጆችን መዝግቧል። በሜይ 2021 በካምሉፕስ ከተማ የቴከምሉፕስ ማኅበረሰብ የቀድሞው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በራዳር ምርመራ ምልክት የሌላቸው መቃብሮች ሊሆኑ የሚችሉ 200 ያህል ቦታዎች መገኘታቸውን ሲያስታውቅ፣ የአገሩ ሰው በየደጃፉ የልጅ ጫማ እየደረደረ አለቀሰ።

ከትምህርት ቤቶቹ የተረፉት ሰዎች መንግሥትንና አብያተ ክርስቲያናትን ከሰሱ፤ ክሱ በ2006 በስምምነት አለቀ። የትምህርት ቤቶቹን ታሪክ ያጣራው የእውነትና እርቅ ኮሚሽን የመጣው ከዚህ ስምምነት ነው፤ መንግሥት በራሱ በጎ ፈቃድ ያቋቋመው አይደለም። በ2008 ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ከፈርስት ኔሽንስ አንዱ ከሆነው ከአኒሺናቤ ሕዝብ በተወለዱት ዳኛ ሙሬይ ሲንክለር የተመራው ኮሚሽን ከ6 ሺህ በላይ ምስክርነት ሰብስቦ በ2015 የተፈጸመውን «ባህላዊ የዘር ማጥፋት» ብሎ ሰየመው፤ 94 የተግባር ጥሪዎችም አቀረበ። ብዙዎቹ ስለ ትምህርት ናቸው፤ ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ለጠበቃ፣ ለነርስ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለኩባንያ። ከዚያ በኋላ ነው የብርድ ልብሱ ልምምድ ከቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወጥቶ መሥሪያ ቤትና ዩኒቨርሲቲ የገባው።

ክቡ፣ ከዚያም በኋላ

ትረካው ሲያልቅ ወንበር በክብ ይደረደራል። ላባ፣ ድንጋይ ወይም በትር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የያዘው ይናገራል፤ ሌላው ይሰማል። መከራከር የለም፣ ማቋረጥ የለም፣ ዝም ብሎ ማሳለፍም ይቻላል። እንደ እኔ ይህ ክፍል ከብርድ ልብሱ ይበልጣል። ሽማግሌ ፊት ተራ ጠብቆ መናገር ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በእኛ ሽምግልና ግን ሽማግሌዎቹ ይፈርዳሉ፣ ያስታርቃሉ። እዚህ የሚፈርድ የለም። ሽማግሌው የተቀመጠው የተነገረው ሸክም ማንንም እንዳይሰብር ለመጠበቅ ነው።

መሰበር ደግሞ አለ። ከተሳታፊዎች መካከል አያቷ ከእነዚያ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ያደገች ሴት ልትኖር ትችላለች። ለሌላው ትምህርት የሆነው ለሷ የቤቷ ቁስል ነው። ስለዚህ ልምምዱን ከነባር ሕዝቦች የመጣ አስተባባሪና ሽማግሌ ሳይኖር፣ ጽሑፉን ብቻ ይዞ መምራት ትልቅ ስህተት ነው። ሌላም ጥንቃቄ አለ፦ አልቅሶ ይቅርታ የሚጠይቅ ተሳታፊ ሳያውቀው ተበዳይዋን አጽናኝ ሊያደርጋት ይችላል። እንባ ክፉ አይደለም፤ ቦታውን ይወቅ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብስ ላይ መቆም የተወሰደ መሬት እንደማይመልስ ነባር ሕዝቦች ራሳቸው ደጋግመው ይናገራሉ፤ እውነታቸውን ነው። በ2021 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ካሉት የካናዳ ልጆች ነባር ሕዝቦች 7.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በማደጎ ቤት ካሉት ግን 53.8 በመቶ ነበሩ። ቢጫው ካርድ አላበቃም ማለት ነው። በዚህ በደል የተነሣ ፍርድ ቤት በ2023 ያጸደቀው የካሳ ስምምነት 23 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል፤ እሱም የተገኘው ዓመታት በፈጀ ክርክር ነው። በእኛ ባህል ገዳይ ሳይናዘዝ፣ ጉማ ሳይከፈል እርቅ አይወርድም። «እርቅ» የሚለውን ቃል ካናዳ ውስጥ ስንሰማ ይህን ቅደም ተከተል ይዘን ብንሰማው ከብዙ መደናገር እንድናለን፦ እውነቱ፣ ካሳው፣ ከዚያ እርቁ። የብርድ ልብሱ ልምምድ የመጀመሪያው እርከን ነው። ከሱ በላይ አድርጎ የሚያቀርበው ሰው ተሳታፊውንም ያታልላል።

እኛስ?

«እኛ መሬት አልነጠቅንም፤ ተሰደን ነው የመጣነው» የሚል ሐበሻ ብዙ ነው። እውነት ነው። ይሁንና ዊኒፔግ የሚኖር ሰው ቤት የተከራየው በ1871 አንደኛው ውል በተፈረመበት ምድር ነው። ኤድመንተን ስድስተኛው ውል፣ ካልጋሪ በ1877 የተፈረመው ሰባተኛው ውል ላይ ተቀምጠዋል። ቶሮንቶ በ13ኛው ውል ምድር ናት፤ በ1805 የሚሲሳጋ ሕዝብ ከ250 ሺህ ኤከር በላይ መሬት በ10 ሽልንግ እንደሰጠ ተጻፈ። መንግሥት በ2010 ከማኅበረሰቡ ጋር ተስማምቶ 145 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ኦታዋና ቫንኩቨር ጭራሽ ውል ያልተፈረመባቸው ናቸው። ስብሰባ ሲከፈት የሚነበበው የመሬት ዕውቅና ስለዚህ ነው የሚያወራው።

ደግሞ መሐላ አለ። 94ኛው የኮሚሽኑ ጥሪ የዜግነት መሐላ እንዲለወጥ ነበር፤ በጁን 2021 ተለወጠ። ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁን አንሥቶ የማለ አዲስ ዜጋ ሁሉ የካናዳን ሕጎች፣ የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢንዊትንና የሜቲን ነባርና የውል መብቶች የሚያጸናውን ሕገ መንግሥት ጨምሮ፣ በታማኝነት እንደሚጠብቅ ምሏል። በእኛ ዘንድ መሐላ ዋዛ አይደለም። የማሉበትን ውል አንድ ቀን ፈልጎ ማንበብ ተገቢ ይመስለኛል።

መካፈል የሚፈልግ በየከተማው ያሉ የነባር ሕዝቦች ማዕከላትን፣ ዩኒቨርሲቲዎችን፣ አብያተ ክርስቲያናትን መጠየቅ ይችላል። ዕድር ወይም የማኅበረሰብ ማኅበር በቡድን ቢያዘጋጀው ደግሞ አስተርጓሚ ማቆም ይቻላል፤ ለአስተባባሪውና ለሽማግሌው የሚገባውን ክፍያና ስጦታ አስቀድሞ ማሰብ ግን ግድ ነው። አዘጋጆች አንዳንድ ጊዜ ተሳታፊው ብርድ ልብስ ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ ይጠይቃሉ። ጋቢ ይዞ መሄድ ይቻላል።

ትንንሽ ልጆችን እዚያ መውሰድ አያስፈልግም፤ ለእነሱ የሸሚዙ ታሪክ ይበቃል። ፊሊስ ዌብስታድ የምትባል ሴት አለች። በ1973 ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ከአያቷ ጋር በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዶግ ክሪክ በሚባል ቦታ ትኖራለች። ትምህርት ቤት ልትገባ ስለሆነ አያቷ ከነበራት ትንሽ ገንዘብ ልብስ ልትገዛላት ወደ ሱቅ ወሰደቻት። ልጅቷ ደማቅ ብርቱካናማ ሸሚዝ መረጠች። ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ልብሷን አስወለቋት፤ ሸሚዙንም ወሰዱባት፤ ስታለቅስ የሰማት አልነበረም። ሸሚዙን ዳግም አላየችውም።